ዝም ብለህ አንሳ

ፎቶ ቤቴን የዘጋሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ደግሞስ ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል? በዚህ አልቀየምም። ጊዜ ነው። የተቀየምሁት በሽኝቴ ቀን በሰማሁት ነገር ነው።

የፍኖተ ሰላም ነጋዴዎች ተሰባስበው ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ አስቆረሱኝ። ከዚያ ስለ ግል ሥራ ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ወጣት ተነሣና እኔን ምሳሌ አድርጎ ማስተማር ጀመረ። «ጋሽ ይስማው ጥሩ ባለሙያ ናቸው። ነገር ግን የድሮ ሰው ስለሆኑ ጠባያቸውንና ሙያቸውን መለየት አልቻሉም። ደንበኛ ይሰድባሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይቆጣሉ። የዛሬ ባለሙያ ጠባዩን በር ላይ ትቶ ነው ወደ ሥራው የሚገባው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አዲስ ጋቢ ለብሶ መሳደብ ስለማያምር ዳቦዬን ጎረስሁ።

ቤቴ ስገባ ግን ንዴቱ እንደ ቃር ደረቴ ላይ ቆመ። ጠባይህን በር ላይ ተው የሚለውን ቃል ከዚያ ልጅ በፊት የነገረኝ ሰው ነበር። ያኛው ሽጉጥ ታጥቆ ነው የነገረኝ። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ስለማያውቅም አልፈርድበትም ማለት ይገባኝ ነበር። እፈርድበታለሁ። ይህንንም የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

ሙያውን የተማርሁት ቡሬ ነው፣ ከአያ ውበቱ። የነቀምት መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከእህል ነጋዴዎች መጋዘን ጎን፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። የአዊ ሰው ናቸው፤ አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገሩታል፤ በሁለቱም ይቆጣሉ። እሳቸው ዘንድ ስገባ ወዲያው ካሜራ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ ያስያዙኝ አግዳሚ ወንበሩን ብቻ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ትንፋሹ ሳይረጋ አይነሣም፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እኔ አጫውተዋለሁ። እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ። የሰውየው ድምፅ ስለ ምን ሲያወራ እንደሚለወጥ ይሰማሉ። በሬ ሲነሣ ነው? ልጅ ሲነሣ ነው? በክርክር ያጣው መሬት ሲነሣ ነው? ያንን ካወቁ በኋላ ይወጡና ወንበሩን በራሳቸው ፎጣ ጠርገው ሰውየውን ያስቀምጡታል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው አያውቁም። እንዲያ የሚል ፎቶ አንሺ ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። «በግ ነው እንዴ የሚቆጥር?» ይላሉ። የእሳቸው ሥራ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። አራሹን ስለ በሬው፣ ዲያቆኑን ስለ መምህሩ ዱላ፣ አሮጊቷን ስለ ምራቷ ወጥ። ጥያቄው ከአፋቸው እንደወጣ፣ ሰውየው ሊመልስ ሲሰናዳና ከንፈሩ ላላ ሲል፣ ያኔ ይጫኑታል። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ሰው ሊመልስ ሲል ፊቱ የራሱ ይሆናል፤ ከመለሰ በኋላ ተመልሶ እንግዳ ነው» አሉኝ። በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አልተማርሁም።

ጠባያቸው ሥራቸው ነበር። ጣቱን እያጮኸ «ቶሎ በል» ያላቸውን የአንድ ሹም ዘመድ «ቶሎ የሚያነሣህ ዘንድ ሂድ» ብለው ከወንበሩ አስነሥተውታል። ፈንጣጣ ፊቱን የጎዳውን ሰው ደግሞ ነጌቲቩን በእርሳስ ከመንካታቸው በፊት «የትኛውን ላጥፋልህ፣ የትኛውን ልተውልህ?» ብለው ይጠይቁታል። ጠባሳው የሱ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም። እርሳሱን በድንጋይ እየሳሉ መርፌ ያሳክሉታል። ከዚያ ነጌቲቩን መስኮቱ መስተዋት ላይ ለጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ነጥብ በነጥብ ይሞሉታል። ነጌቲቭ ላይ የጠቆረው ፎቶው ላይ ነጥቶ ይወጣል፤ እጅ ከበዛበት ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ሳበላሽ መትተውኝ አያውቁም። የተበላሸውን ፎቶ ለባለቤቱ ራሴ እንድሰጥ ያደርጉኝ ነበር፤ ያ ከዱላ ይከፋል።

ፍኖተ ሰላም ላይ የራሴን ቤት ስከፍት የእሳቸውን ጥያቄ ይዤ የራሴን ምላስ ጨመርሁበት። እኔ እንደሳቸው ጨዋ አይደለሁም፤ ተረበኛ ነኝ። በራፌ ላይ «ይስማው ፎቶ» የሚል ቆርቆሮ ሰቀልሁ። ከበስተኋላ የሚዘረጋውን ሸራም ራሴ ሳልሁት፤ ሐይቅ፣ ከሐይቁ በላይ አውሮፕላን። አውሮፕላኑ ከሐይቁ በልጦ ቢወጣም ገበሬው ወደደው። በገበያ ቀን ከማንኩሳም ከጅጋም የመጣው ሰው እህሉን ሸጦ ሲያበቃ «ከአውሮፕላኑ ሥር አድርገኝ» እያለ ይሰለፍ ነበር።

ባልና ሚስት ሲመጡ በመካከላቸው በሬ የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ይቆማሉ። «ለፍቺ ከሆነ የመጣችሁ ሽማግሌ ልጥራ» እላቸዋለሁ። ሴቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ፣ ባልየው ሊመልስልኝ ሲል፣ እጫናለሁ። የሚቀየመኝም አልጠፋም። አንዱ ሚስቱን «ከኋላ ቁሚ» ቢላት «እንግዲያው አንተን ነው ከኋላ የማቆም» ብዬው ጥሎኝ ሄዷል፤ በሳምንቱ እሷው ጎትታ መለሰችው። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ለፎቶው ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ለመሰደብም ይመጣ ነበር። ቤቱን የከፈትሁት በካሜራዬ ነው፤ ያቆየው ግን ምላሴ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። መጀመሪያ ላይ አልነካኝም፤ እንዲያውም ሥራ በዛልኝ። መታወቂያ የሌለው ሰው መንገድ መሻገር ስለማይችል ጉርድ ፎቶ የማይፈልግ አልነበረም። ቆይቶ ግን የግል ባለሙያ ሁሉ በማኅበር ይደራጅ ተባለ። እኔን፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎችንና አንድ ሰዓት ሠሪን አንድ ቤት ውስጥ አጨቁን። ቆርቆሮዬ ወርዶ በላዩ ላይ የማኅበሩ ስም በቀይ ቀለም ተጻፈ። ሸራዬ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ተሰቀለ፤ በምትኩ ቀይ ጨርቅ ተዘረጋ። የሚወጣው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩ ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ነበር የሚወጣው፤ ሰው ሁሉ ከከሰል ማኖሪያ ውስጥ የተነሣ ይመስል ነበር። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ለወሬም አይበቃ።

አያ ውበቱም ቡሬ ላይ እንዲሁ ማኅበር ግቡ ተባሉ። እሳቸው አልተከራከሩም። ካሜራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉና ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የወንድማቸው እርሻ ሄዱ። «ሌላ ሰው ሆኜ ፎቶ አላነሣም» ብለው እንደነበር ሰማሁ። እኔ ልጆች ነበሩኝ፣ የምሄድበት እርሻም አልነበረኝም፤ ማኅበሩ ውስጥ ቀረሁ።

ተቆጣጣሪያችን ጓድ ደምሰው የሚባል ካድሬ ነበር። ወጣት ነው፤ ሞኝ አይደለም፤ ጽዳት ይወዳል፤ ጫማው ሁልጊዜ ያብለጨልጫል። መሳቅ ግን አልፈጠረበትም። የአባልነት ፎቶውን ሊነሣ መጥቶ እንደ ግድግዳ ደርቆ ቢቀመጥብኝ «ጓድ፣ ፊትዎን ያላሉት፤ ካሜራ ነው እንጂ ኢምፔሪያሊዝም አይደለም» አልሁት። ልብስ ሰፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ «አንተ ፎቶ አንሺ ነህ እንጂ አዝማሪ አይደለህም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሣም። በስብሰባ ላይ ስለ ግለኝነት በሽታ ሲያስተምር እኔን እያየ ነበር የሚያስተምረው። በሥራ ሰዓት ከደንበኛ ጋር ወሬ ከለከለ፤ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሁሉ ፊቱን ቀጥ አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ ይነሣ አለ። የገበያ ቀን ሰልፌም እየሳሳ ሄደ።

ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የገጠሩ ወጣት መታፈስ ሲጀምር ካሜራዬን ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ እንድገኝ ታዘዝሁ። ልጆቹን ከየቀበሌው በጭነት መኪና ያመጧቸዋል። አንዳንዱ ከእርሻ፣ አንዳንዱ ከገበያ ነው የተያዘው፤ እግሩ ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበትም ነበር። በር ላይ ፀጉራቸው ይላጫል። ከዚያ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ደረታቸው ላይ አስይዘው ወደኔ ይሰዷቸዋል።

ጓድ ደምሰው ሽጉጡን ታጥቆ ከጎኔ ቆመ።

«ዝም ብለህ አንሳ» አለኝ። «ማንንም አታናግር። ጥርስ አይታይ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ያንን ጠባይህን በር ላይ ትተኸው ግባ።»

ዝም ብዬ አነሣሁ። አንዱ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እጫናለሁ፣ ይሄዳል። አግዳሚ የለ፣ ውኃ የለ፣ ጥያቄ የለ። ካሜራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ያቺ ጥቁር ቀዳዳ ስትደቀንበት ምን ትመስለዋለች? የጠመንጃ አፈሙዝ ነው የምትመስለው። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላው ከንፈሩን ነክሶ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ መድኃኒቱን እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ተጫንሁ። የተላጨ ራስ፣ የተዘጋ አፍ፣ ሰሌዳ። ደግሞ የተላጨ ራስ፣ የተዘጋ አፍ፣ ሰሌዳ። አንገታቸው ላይ ያሰሩት ማተብ እንኳ ከሰሌዳው ጀርባ ተደብቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ ሰሌዳውን ገልብጦ ይዞ መጣ። ማንበብ አይችልም። አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ በጭንቅላትህ ቆመህ ነው የምትዘምት?» አልሁት። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየና ሳቀ። ከኋላው የተሰለፉትም ሳቁ። ከጧት ጀምሮ በዚያ ግቢ የሰው ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። የሳቀውን አነሣሁ፤ ቀጥሎ የመጣውንም «አንተስ ምን ያስቅሃል?» ብዬ አነሣሁ። ጓድ ደምሰው በጥፊ ሲለኝ ካሜራው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ነጥቆ ለሌላ ሰው ሰጠውና እኔን ባንዲራው ሥር ፀሐይ ላይ አቆመኝ። የቀሩትን ያነሣው ያ ሰው ነው፤ ግማሾቹ ከግንባራቸው በላይ ተቆርጠው ወጡ። ለነሱ እሱም ፎቶ ነበር።

ፎቶዎቹን አጥቤ አስረከብሁ። ነጌቲቩን የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔ ዘንድ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ወላጆች መምጣት ጀመሩ። ልጃቸው ከዚያ በፊት ፎቶ ተነሥቶ የሚያውቅ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የብዙዎቹ መልክ የቀረው በዚያች የሰሌዳ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ማኅበሩ እንዳያይብኝ ከጓዳ እያጠብሁ ሰጠኋቸው። ሰሌዳ የገለበጠው ልጅ አባት ፎቶውን እንዳዩ «ወይ የኔ ሞኝ» ብለው ሳሙት። የሌሎቹ ወላጆች ግን ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ያርቁታል፣ ያቀርቡታል፣ ከዚያ «እንግዲህ እሱ ይሆናል» ብለው ይዘው ይሄዳሉ። «ይሆናል» ባሉኝ ቁጥር ጓድ ደምሰውን በልቤ እረግመው ነበር።

እናና የሻረግ የመጡት ከወንድማቸው ከአያ ስማቸው ጋር ነው፤ አገራቸው ከማንኩሳ ወዲያ ያለ ገጠር ነው። አንድ ልጃቸው አንማው ከታፈሱት ጋር ሄዷል። አብሮት የዘመተ የጎረቤት ልጅ እግሩን አጥቶ ሲመለስ፣ አንማው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ለአያ ስማቸው ነገራቸው። ከመንግሥት የመጣ መርዶ የለም። አያ ስማቸው ግን ልጁ ሳይለቀስ አይቅር አሉ። በኛ አገር ሬሳው የሌለ ሰው ሲለቀስ ምስሉ ይወጣል፤ ልብሱና ዱላው፣ ካለውም ጠመንጃው፣ በቅሎ ላይ ተጭኖ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል፤ አልቃሽ እሱን እያየ ያለቅሳል። ፎቶ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከልብሱ በላይ ፎቶው ይደረጋል። ያንን ፈልገው ነው የመጡት።

እግር ያጣው ልጅ የሰሌዳ ቁጥሩን ነግሯቸው፣ ከአንማው ቀጥሎም ተሰልፎ ስለነበር ነጌቲቩን ማግኘት አልከበደኝም። አጉልቼ አጠብሁላቸው። እናና የሻረግ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

«ይህስ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ።

አያ ስማቸው «እሱ ነው እቴ፤ ጆሮውን አታይውም?» አሏቸው።

«አይደለም። የኔ ልጅ ፍንጭት ነው። ዓይኑም እንዲህ አይደለም። ይህስ የማን ልጅ እንደሁ እናቱን ፈልጉና ስጧት።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። የፎቶው አፍ እንደ ሣጥን ተዘግቷል፤ ፍንጭቱ ከየት ይታያቸው?

በሥራ ዘመኔ ብዙ ፊልም አቃጥያለሁ፤ ሙሽራ ዓይኗን ጨፍና አውጥቼ ከሠርገኛው ጋር ተጣልቻለሁ። ይህን የሚያህል ውድቀት ግን አልገጠመኝም። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥላ የለበትም፣ ለጓድ ደምሰው እንከን የማይወጣለት ነው። ሰውየው ብቻ ነው የሌለበት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናና የሻረግ ፎቶውን ካዩ በኋላ ልጄ ከነዚያ ጋር አልነበረም፣ ካልነበረም አልሞተም ብለው ቆረጡ። እግር ያጣውን ልጅ ሌላ ሰው አይቶ ነው አሉት። ቤታቸውን ዘግተው እየመጡ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዳር በኩል የሚመጣው አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይቆሙ ጀመር። ሰው ወርዶ እስኪያልቅ በሩን ያያሉ። ወጪ ወራጁ ለመዳቸው፤ ቀስ በቀስም ወፈፍ ያደርጋቸዋል እያለ ያወራባቸው ጀመር። ያንን ስሰማ የማደርገው ይጠፋኝ ነበር።

አያ ስማቸው ብቻቸውን መጡ። «እህል አትቀምስም» አሉኝ። «ልጁም ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ እንደ ሜዳ አውሬ ወድቆ ቀረ። እንዲያው አንድ መላ ፍጠርልን፣ ይስማው።» መምጣታቸውን ማን እንደነገረው እንጃ፣ ጓድ ደምሰውም በማግሥቱ መጣ። መንግሥት ያልተናገረውን ሞት የሚያወራ ፀረ-አብዮት ነው፣ ምስል የሚባል ነገር ብትሠራ ውርድ ከራሴ አለኝ። እሺ አልሁት።

እውነቱን ለመናገር የከበደኝ የሱ ማስፈራራት አልነበረም። እናና የሻረግ ተስፋ አላቸው። ያንን ተስፋ የሰጣቸው የኔ ብልሹ ፎቶ ነው። እኔ ፎቶውን ባስተካከልሁ ቀን ልጃቸው ይሞታል፤ ካላስተካከልሁት ደግሞ መንገድ ዳር ቆመው ያልቃሉ። ይህን ማን ነው በኔ ላይ የጫነው? ፎቶ አንሺ ነኝ እንጂ መርዶ ነጋሪ አይደለሁ። እንዲህ እያልሁ ስነድ ቆይቼ ፎቶውን ይዤ ወደ ቡሬ ሄድሁ።

አያ ውበቱን ያገኘኋቸው በርበሬ ማሳ ውስጥ ነው። እጃቸውን ጠርገው ፎቶውን ተቀበሉኝና «ይህን አንተ ነህ ያነሣኸው?» አሉኝ። አዎን አልሁ። ሌላ ወቀሳ አልተናገሩኝም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ሁሉንም እንዳወራቸው አደረጉኝ። ስጨርስ «እናቱስ እንዴት ያለች ናት? አጥንተሃታል?» ብለው ጠየቁኝ። አላጠናኋቸውም። «ልጁ ከሌለ ፊቱን ከሰጠው ሰው ነው የምታመጣው» አሉኝና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ስመለስ እናና የሻረግን ከመንገዱ ዳር አገኘኋቸው። ፀሐዩ እስኪበርድ ከማኅበሩ ቤት ይረፉ ብዬ ለመንኋቸው። ልብስ ሰፊዎቹ ለምሳ ወጥተው ነበር። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አወራን። ድምፃቸው ደረቅ ነው። ስለ አንማው ስናነሣ ግን ተለወጠ፤ ሞቀ። ለአያ ስማቸው ፎቶዎን ላስቀርላቸው ብዬ ካሜራው ፊት አስቀመጥኋቸው። እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

«እናና፣ አንማው ከገበያ ሲመለስ መጀመሪያ ምን ይል ነበር?» አልኋቸው።

ጉንጫቸው ከፍ አለ፤ የዓይናቸው ሥር ተሸበሸበ፤ ከንፈራቸው ሲላቀቅ በፊት ጥርሳቸው መካከል ፍንጭቱን አየሁት። ተጫንሁ። ከዚያ መለሱልኝ። «‹ማነሽ አንቺ ሴትዮ፣ የሚበላ አለ?› ይለኛል፤ እናቱን እኮ ነው» አሉና ሣቁ። ልጁ እንደኔ ተረበኛ ነበር። ሰሌዳውን ይዞ ፊቴ ሲቆም አንድ ቃል ብወረውርለት ሁለት ይመልስልኝ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነበር። የአንማውን ፎቶ በትልቁ አጠብሁትና የእናቱን አጠገቡ አቆምሁ። ሰሌዳውን ቆርጬ ከአንገቱ በላይ አስቀረሁ፤ ማተቡን ሳልሁለት። የተላጨውን ራስ በለስላሳ እርሳስ ፀጉር አለበስሁት። ጉንጩን በምላጭ ጫፍ ፈግፍጌ ከፍ አደረግሁ፤ የዓይኑን ሥር እንደ እናቱ ሸበሸብሁ። አፉ ነው ያስቸገረኝ። የተዘጋ ከንፈር ሲከፍቱት ወይ ያለቅሳል ወይ ይሰድባል፤ ሊመልስ ያለ አፍ በጣም ቀጭን ነገር ነው። ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። በመጨረሻ ጥርሱን በምላጭ አንጥቼ በመካከሉ ከፀጉር የማይሰፋ ጥቁር ተውሁ፤ ያኔ ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የእርሳሱ ምልክት እንዳይታይ እንደገና በካሜራ አነሣሁትና አጠብሁት። ግማሹ አንማው ነው፤ ግማሹ እናቱ ናቸው።

አያ ስማቸው ይዘዋቸው መጡ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። እናና የሻረግ እጃቸውን አልሰደዱም፤ ከቆሙበት ዝቅ ብለው አዩት።

«አዬ፣ አንማው» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ገልብጠው ለሐዘን ለበሱት። አያ ስማቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጃቸውን በማወቃቸው ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ደስ አላለኝም። ያንን ምላጭ አንሥቼ ፎቶውን መልሼ ብፍቀው ወደድሁ።

ጓድ ደምሰው በዚህ ሥራ አሥሮኛል። እሱን አሳጥሬ ልለፈው፤ መታሰር ያኔ ብርቅ አልነበረም። እሱ ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ጡረታውን እየበላ ይኖራል። መንገድ ላይ አግኝቶኝ በትሕትና ሰላም ብሎኛል። «ያኔ ሥራ ነው፣ ጋሽ ይስማው፤ ቂም አይያዙብኝ» አለኝ። ይዤበታለሁ።

ከመታሠሬ በፊት ግን ለቅሶው ላይ ደርሻለሁ። ከመንደሩ ራስጌ ያለው ሜዳ በሰው ሞልቶ ነበር። የአንማው ጋቢና ዱላ በቅሎዋ ላይ ተጭነዋል፤ ከላይ ፎቶው ታስሯል። በቅሎዋ ስትዞር ሰው ፎቶውን እያየ ይጮኻል፤ ይህ እሱ ይሆናል ያለ አንድም ሰው አልሰማሁ። እኔ ካሜራ አልያዝሁም፤ ከወንዶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል እናና የሻረግ ሰዉን እየከፈሉ ወደኔ መጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ከቤቱ ከወጣ ወዲህ፣ አብሮት ከዘመተው ልጅ ሌላ፣ ከአገሩ ሰው ፊት ለፊት ያየኸው አንተ ነህ» አሉኝ። «ድምፁን ሰማኸው?»

«አልሰማሁትም፣ እናና።»

«እኔን እንደጠየቅኸኝ እሱን ምነው ሳትጠይቀው ቀረህ? አንድ ቃል ብትጠይቀው ምን ነበረበት?»

«ታዝዤ ነው» አልኋቸው።

«እሱም ታዝዞ ነው የሄደ» አሉኝና ወደ ሴቶቹ ተመለሱ።